ቮልፍጋንግ ፓውሊና የማይያዘው ቅንጣት

የፓውሊን ስም የፊዚክስ ተማሪዎች አሳምረው ያውቁታል። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ግን ልናነሣው የፈለግነው ስለ ቀመሩ ሳይሆን ስለ ጠባዩ ነው።

ፓውሊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1900 በቪየና ከተማ ተወለደ። ገና በ21 ዓመቱ ስለ አይንሽታይን የሬላቲቪቲ ትምህርት ያሳተመው ሰፊ ጽሑፍ ሊቃውንቱን አስደነቀ። የሌላውን ስሕተት ያለ ርኅራኄ ይነቅፍ ስለ ነበር ብዙዎች ፍርዱን ይፈሩት ነበር።

በዚያን ዘመን ሊቃውንቱን አንድ ችግር አስጨንቋቸው ነበር። ከአንዳንድ አቶሞች እምብርት ኤሌክትሮን ሲወጣ፣ ሊኖረው ከሚገባው ኃይል ከፊሉ ጎድሎ ይገኛል። ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቅ አልነበረም። ታላቁ ኒልስ ቦር እንኳ፣ ኃይል አይጠፋም የሚለው ሕግ በዚህ ስፍራ ላይጸና ይችላል ወደ ማለት አዘንብሎ ነበር።

ፓውሊ ይህን አልተቀበለም። በዲሴምበር 1930፣ ትዳሩ በፈረሰ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ ከዙሪክ ሆኖ በቱቢንገን ለተሰበሰቡ ሊቃውንት ደብዳቤ ላከ። በደብዳቤውም የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው፣ እጅግ ቀላል የሆነ ሌላ ቅንጣት ከኤሌክትሮኑ ጋር አብሮ እንደሚወጣና የጎደለውን ኃይል የሚወስደው እርሱ እንደሚሆን ገለጸ። ነገር ግን ማስረጃ እንደሌለው አልሸሸገም፤ አሳቡንም ለማሳተም ገና አልደፈረም። ሌሎችን አጥብቆ የሚነቅፈው ሰው ራሱንም በዚያው ሚዛን መዘነ።

ኤንሪኮ ፌርሚ በ1934 አሳቡን በቀመር አጸናው፤ ኒውትሪኖ የሚለው ስምም ጸደቀለት። ሆኖም ማን ይይዘዋል? ኒውትሪኖ ከአቶም እምብርት ጋር የሚጋጨው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ከፀሐይ የሚመጡት ብቻ በየሴኮንዱ 60 ቢሊዮን ያህል ሆነው በአውራ ጣታችን ጥፍር ውስጥ ሲያልፉ ምንም አይሰማንም። መሬትንም እንደ ባዶ ስፍራ ሰንጥቀዋት ይሄዳሉ። ፓውሊ ራሱ፣ ከቶ ሊታይ የማይችል ነገር ፈጠርኩ ብሎ ሠግቶ ነበር።

ዳሩ ግን የሚያልፉት እጅግ ብዙ ከሆኑ ጥቂቶቹ መጋጨታቸው አይቀርም። አሜሪካውያኑ ራይንስና ካወን በሳቫና ሪቨር ከሚገኝ የአቶም ማብላያ አጠገብ መሣሪያቸውን ተክለው፣ በሰዓት ጥቂት ብቻ እየቆጠሩ፣ በ1956 ኒውትሪኖን አገኙት። የምሥራቹንም ለፓውሊ በቴሌግራም ላኩለት። ከ25 ዓመት በላይ ጠብቆ ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ በዲሴምበር 1958 በዙሪክ ዐረፈ።

ግምትን ግምት ብሎ መናገር የፈሪ ሥራ የሚመስለን ተማሪዎች ይህን ሕይወት ብንመለከት ይጠቅመናል። ፓውሊ ያላረጋገጠውን አረጋገጥሁ አላለም፤ ያሰበውንም ዋጥ አድርጎ አልቀረም። ፈላጊዎቹ የሚፈልጉትን ያወቁት ስለዚህ ነው።