ባለ ቀስቱ አበበ ቢቂላ

አንዋር መስጊድ ሰፈር ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች ቅዳሜና እሁድ የማይነሳ ክርክር የለም። አንዱ በዓመት አንዴ ከ30 ሜትር ርቀት መረብ የሚበጥስ አጥቂ ይወዳል። ሌላው ደግሞ ሳያብለጨልጭ ሁሌም አንድ ማዕዘን ላይ የሚያስቀምጥ የፍጹም ቅጣት ምት መቺ ይሻለኛል ይላል። አንዴ መምታትና ደጋግሞ አንድ ቦታ መምታት ለየቅል ናቸው። ይህን ልዩነት በእግሩም በእጁም የኖረው ስፖርተኛ ደግሞ ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። የስፖርት ቤተሰቡ የሮሙን ባዶ እግርና ቶኪዮ ላይ ከድሉ በኋላ የሠራውን ጂምናስቲክ በቃሉ ያውቃል። ቀስት ይዞ ኢላማ ፊት የተቀመጠውን አበበን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። አጋጣሚ ሆኖ በዚያው ዕለት (እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1932) ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን እየተሮጠ ነበር። አዲስ አበባ መጥቶ ክቡር ዘበኛ ተቀጠረ፤ እዚያም ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን እጅ ገባ።

ኒስካነን ነገሮችን በግምት የሚተው ሰው አልነበረም። አበበም እንደዚያው። ሮም ሲደርሱ የተገኘው አዲስ ጫማ እግሩን አስቸገረው። በውድድር ቀን ያልተሞከረ ነገር ከመሞከር፣ በልምምድ የተፈተነውን ባዶ እግር መረጡ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ መሆኑ ነው፣ አበበ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2፡15፡16.2 ጨረሰ። ከአራት ዓመት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ገና አንድ ወር ከምናምን ቢሆነውም በ2፡12፡11.2 ገባ። ሁለቱም በወቅቱ የዓለም ፈጣን ሰዓት ነበሩ። ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ኦሊምፒክ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ። አንዴ የመታ ብዙ ነው፤ ደግሞ የመታ ግን እሱ ነበር።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ግን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ከቶኪዮ ድል በኋላ የተሸለማትን ቮልስዋገን እየነዳ ሳለ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። የጀርባ አጥንቱ ተጎዳ፤ መጀመሪያ ላይ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አቃተው። ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። ስምንት ወር ገደማ ታክሞ እጆቹ ሲመለሱለት እግሮቹ ግን አልተመለሱም። የዓለም ምርጥ እግር የነበረው ሰው በ37 ዓመቱ ጋሪ ላይ ቀረ።

ስቶክ ማንደቪል ተራ ሆስፒታል አልነበረም። ከናዚ ጀርመን የተሰደደው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1944 የአከርካሪ ጉዳት ክፍል የከፈተበት ቦታ ነው። ጉትማን ስፖርትን እንደ መድኃኒት ያዝ ነበር። የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 1948፣ 16 ጉዳተኛ የቀድሞ ወታደሮችን በሆስፒታሉ ሜዳ ላይ አወዳደረ። ውድድሩም ቀስት ነበር። ቀስት የትከሻን፣ የክንድንና የጀርባን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ተቀምጦ የሚተኩስም ከቆመው ጋር እኩል ሊፎካከር ይችላል።

የሚገርመው፣ አበበ ሮም ላይ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ በዚያችው ከተማ የጉዳተኞች ውድድር ተከፍቷል፤ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው ማለት ነው። ቶኪዮም ላይ ከእሱ ድል በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቀጣዩ ተደረገ። በሁለቱም ከተሞች በጋሪ የተቀመጡ ሰዎች ቀስት ወርውረዋል። አበበ ያኔ እግሩ ሙሉ ነበር፤ ያ ሜዳ አንድ ቀን የእሱም እንደሚሆን ማን አሰበ?

ታዲያ ለወታደር ኢላማ እንግዳ ነገር አይደለም። ጥይታቸውን ራሳቸው የሚሞሉ የጠመንጃ ኢላማ ስፖርተኞች ምን እንደሚያደርጉ ማየት ነገሩን ያስረዳል። የተተኮሰውን ቀለህ አጽድተው፣ ባሩዱን ከግራም መቶኛ ባነሰ ልዩነት እየመዘኑ ይሞላሉ። ከዚያ ጠመንጃውን አሸዋ በሞላ ከረጢት ላይ አስደግፈው 100 ሜትር ላይ ባለ ወረቀት አምስት ጥይት ይተኩሳሉ። መጀመሪያ የሚለኩት ከመሃሉ ምን ያህል እንደራቁ አይደለም፤ በጣም የተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት ነው። ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተው ግን ወደ ግራ ቢያርፉ ማነጣጠሪያውን ነካ ማድረግ ይበቃል። ከተበታተኑ ግን ማነጣጠሪያ አያድንም። የጥይቱንም ፍጥነት በመሣሪያ ይለካሉ፤ አንዱ ፈጥኖ ሌላው ከዘገየ፣ የዘገየው በሩቅ ኢላማ ላይ ዝቅ ብሎ ያርፋልና። ስህተቱን ሲፈልጉም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀይሩት፤ ሁለት ከቀየሩ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።

ቀስትም ያው ነው። ፍላጻዎቹ ክብደታቸው፣ ቅጥነታቸው፣ ሲታጠፉ ያላቸው ጥንካሬና የጭራቸው ላባ አንድ መሆን አለበት። ጥንቁቅ ቀስተኛ ፍላጻዎቹን ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ደጋግሞ ወርውሮ ሁልጊዜ ከጓደኞቹ የሚነጠለውን ለይቶ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ትልቁ ጥያቄ ሰውየው ራሱ ነው። ክሩን ሁሌም እኩል ይስባል? እጁ አገጩ ሥር ሁሌም አንድ ቦታ ያርፋል? ወገቡ ለማይታዘዘው፣ ክንዱም ከወራት በፊት መነሳት ላቃተው ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ቆሞ የሚወረውር ሚዛኑን በእግሩ ይጠብቃል፤ ጋሪ ላይ ያለው ግን ከትከሻው ሌላ መተማመኛ የለውም።

አበበ ከዜሮ ጀመረ። ለዓመታት አንድን እርምጃ ሺህ ጊዜ ሳያዛባ የደገመ ሰው አሁን አንድን ክር መሳብ ሊደግም ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1970 በስቶክ ማንደቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በታከመበት ቦታ ተወዳዳሪ ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. አፕሪል 1971) ደግሞ ኖርዌይ በእንግድነት ተጋብዞ ሄደ። እንግዳ ሆኖ መቀመጥ ግን አልሆነለትም፤ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፣ አልፎም በ25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድር ገብቶ አሸነፈ። የእንጦጦ ልጅ በረዶ ላይ!

እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ነበር። ጋሪው ላይ ሆኖ የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ በማራቶን ሦስተኛ ሲወጣ አየ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ከአደጋው ጋር በተያያዘ የጭንቅላት ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ አረፈ። ንጉሠ ነገሥቱና በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቅዱስ ዮሴፍ ድረስ ሸኙት።

አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ስታዲየም አለ፤ ክለቦቻችን ኳስ ተጫውተውበታል። ደጋፊው ሲሳት እያፏጨ፣ ሲገባ እየዘለለ ስሙን ይጠራዋል። አብዛኛው ሰው ስታዲየሙን ሲያነሳ ትዝ የሚለው የሮሙ ሯጭ ነው። ያ ሯጭ ግን እግሩ ከከዳው በኋላም አንድ ክር ደጋግሞ እየሳበ ኢላማው ፊት ተቀምጧል።