ቻርልስ ኬተሪንግ

ቻርልስ ፍራንክሊን ኬተሪንግ (ኦገስት 29 ቀን 1876 – ኖቬምበር 25 ቀን 1958 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ መሐንዲስና የፈጠራ ሰው ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው ለመኪና በሠራው በባትሪ የሚሠራ የእሳት ብልጭታ ሥርዓት (ኢግኒሽን) እና በኤሌክትሪክ ሞተር ማስነሻ ነው።

የተወለደው በኦሃዮ ግዛት፣ ሉደንቪል አቅራቢያ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። የዓይን ሕመም ትምህርቱን ስላቋረጠበት ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና የተመረቀው በ27 ዓመቱ፣ በ1904 ነበር። ከዚያም ዴይተን ከተማ በሚገኝ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ፋብሪካ ተቀጥሮ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሽን ሠራ።

የብልጭታው ሥርዓት

በዚያን ጊዜ ብዙ መኪኖች ለአንድ ፍንዳታ ተደጋጋሚ ብልጭታ ስለሚረጩ ባትሪያቸው ቶሎ ያልቅ ነበር። ኬተሪንግ በ1909 ከኤድዋርድ ዲድስ ጋር ዴልኮ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ባትሪ የሚቆጥበውን አዲሱን ሥርዓቱንም ካዲላክ ለ1910 ሞዴሉ ገዛው።

ከዚህ ሥራ አድጎ ለብዙ አሥርት ዓመታት አብዛኞቹ ባለ ቤንዚን መኪኖች የተጠቀሙበት አሠራር ቀላል ነው። ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ሲገናኙ የባትሪው ኤሌክትሪክ በቦቢናው ውስጥ ያልፋል። ሲላቀቁ ኤሌክትሪኩ በድንገት ይቋረጥና ቦቢናው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያመነጫል፤ ካንዴላው ላይ ብልጭታ የሚፈጠረው በዚህ ነው። ድካሙም ያለው እዚሁ ነው። በደቂቃ 3000 ጊዜ የሚሽከረከር ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ነጥቦቹን 6000 ጊዜ ይከፍታል፤ ስለዚህ ይቃጠላሉ፣ ያልቃሉ፣ ክፍተታቸውም ይዛባል።

ከማኑቬላ ወደ ሞተሪኖ

ቀድሞ ሞተር የሚነሣው በእጅ ማኑቬላ በማዞር ሲሆን እጀታው ወደ ኋላ ሲመታ ክንድ ይሰብር ነበር። ኬተሪንግ ከገንዘብ ማሽኑ ሥራ እንደሚያውቀው፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚሠራ ሞተር ትንሽ ቢሆንም ከአቅሙ በላይ ሊጫን ይችላል። ይህ ማስነሻ በ1912ቱ ካዲላክ ላይ ወጣ።

እርሳስ ያለው ቤንዚን

ከ1920 እስከ 1947 የጄኔራል ሞተርስን ምርምር መርቷል። በእሱ ሥር ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ በ1921 ሞተር እንዳይንኳኳ እርሳስ በቤንዚን መጨመርን አገኘ። የእርሳስ መርዛማነት አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ በ1924 ሠራተኞች ሞተውበታል፤ ኬተሪንግ ግን የሻጩ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ይህን ትቶ ስለ ሞተሪኖው ብቻ መጻፍ ታሪኩን ጎዶሎ ያደርገዋል። ለመኪና የሚሸጠው እርሳስ ያለው ቤንዚን ከዓለም የጠፋው በ2021 ነው። በ1945 የተመሠረተው የካንሰር ምርምር ተቋም ደግሞ ከአልፍሬድ ስሎን ጋር በስሙ ይጠራል።

ከእሱ በኋላ

ከ1970ዎቹ ጀምሮ አምራቾች ነጥቦቹን በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ተኩ። እንደ ቮልስዋገን ቢትልና እንደ ቀድሞዎቹ የአዲስ አበባ ላዳ ታክሲዎች ላሉ አሮጌ ሞተሮች ለብቻው የሚሸጥ መቀየሪያ አለ። በአንዳንዱ ዓይነት፣ በዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ላይ የማግኔት ቀለበት ይገባና ነጥቦቹ በነበሩበት ቦታ ማግኔቱን የሚያነብ ሴንሰር ይታሰራል። ካንዴላው ይቀራል፤ ቦቢናውም የኤሌክትሪክ መከላከያ አቅሙ ከመቀየሪያው ጋር ከተስማማ ይቀራል፤ ካልተስማማ መቀየሪያው ሊቃጠል ይችላል። ከተገጠመ በኋላ የብልጭታው ሰዓት እንደገና መስተካከል አለበት፤ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉን ከፍቶ መተውም ዕቃውን ሊያበላሽ ይችላል። መቀየሪያው ሲበላሽ መንገድ ላይ በአሸዋ ወረቀት አይጠገንም፤ ጥንቁቅ ባለመኪናዎች የድሮዎቹን ነጥቦች ከነኮንደንሰራቸው መኪናው ውስጥ ያስቀምጣሉ።