በሐይቅ ዳር ያለፈው ሙሽራ

እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ። ስለ አንድ የታወቀ ሰው የሕይወት ታሪክ ጻፉ በተባልን ጊዜ ብዙዎቻችሁ አባ ኢየሱስ ሞዓን እንደምመርጥ ጠብቃችሁ ይሆናል። ነገር ግን እርሳቸው በ13ኛው መቶ ዓመት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ መጥተው ብዙ ደቀ መዛሙርት አስተምረው ወደየአገሩ እንደ ላኩ በእኛ ዘንድ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እኔ የመረጥሁት በዚያው ሐይቅ ዳር እንደ ለማኝ ሆኖ ያለፈውን የጀርመን አገር ሰው ዮሐን ሉድቪግ ክራፍን ነው። በመጻሕፍት ስሙ የሚነሣው ስለ ኬንያ ተራራና ስለ ስዋሂሊ ቋንቋ ሲወራ ነው፤ እኔን የሳበኝ ግን ቤተሰብ ይዞ በባዕድ አገር ወንጌል ለመስበክ ሲሰናዳ የደረሰበት ነገር ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

ክራፍ የተወለደው ጃንዋሪ 11 ቀን 1810 በደቡብ ጀርመን፣ በቱቢንገን ከተማ አጠገብ ባለችው በደረንዲንገን መንደር ነው። አባቱ ገበሬ ነበረ። በ11 ዓመቱ አንድ ጎረቤት ባላጠፋው ጥፋት ክፉኛ ስለ ደበደበው ስድስት ወር ያህል ታሞ ተኛ፤ በዚያም ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ለመደ። ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ የዓለም ካርታ ሲመለከት በአዳልና በሶማሌ በኩል የተጻፈው የቦታ ስም እጅግ ጥቂት መሆኑን አይቶ ተገረመ። የጀምስ ብሩስን የሐበሻ ጉዞ መጽሐፍም ፈልጎ አነበበ። እኛ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ካርታው ላይ ባዶ ቦታ ስናይ ደስ የሚለን የሚጠናው ስም ስለ ቀነሰልን ብቻ ነው፤ እርሱ ግን ያን ባዶ ቦታ ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም።

በስዊስ አገር በባዝል ከተማ የሚሲዮን ትምህርት ተምሮ በ1837 በእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር ተልኮ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ዓድዋ ከደረሰ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በ1838 እርሱና ጓደኞቹ ተባረሩ። በ1839 ከኢዘንበርግ ጋር በታጁራ በኩል ዞሮ ሸዋ ገባ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በደኅና ተቀበሉት፤ ኢዘንበርግ ከተመለሰ በኋላም ብቻውን በአንኮበር ተቀምጦ ጥቂት ልጆች እያስተማረ፣ የኦሮምኛ ቋንቋ እያጠናና የብራና መጻሕፍት እየሰበሰበ ኖረ። በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ወደ ሸዋ ሲመጣም በአስተርጓሚነት ረዳው። ይህ እንደ እኔ አሳብ ትልቅ ስሕተት ነበረ። ክርስትናን ከተቀበለ 1,500 ዓመት ያህል የሆነው ሕዝብ አዲስ ሰባኪ ሲመጣበት አስቀድሞም መጠራጠሩ አይቀርም፤ ሰባኪው ከባዕድ መንግሥት ሰው ጋር ሲታይ ደግሞ ጥርጣሬው ይብሳል።

ክራፍ በዚህ ጊዜ ሚስት አግብቶ፣ ቤት ሠርቶ፣ በሸዋ ለመኖር ቆርጦ ነበረ። ሮዚና ዲትሪሽ የምትባለው እጮኛው ከባዝል ተነሥታ ወደ ግብፅ ልትመጣለት ሆነ። እርሱም ሊቀበላት ማርች 10 ቀን 1842 ከአንኮበር ወጣ። በወሎ በኩል ወደ ጐንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ ለመውረድ ነበረ አሳቡ። ዳሩ ግን የጐንደር መንገድ በጦርነት ታውኮ ስለ ነበረ ወደ ኋላ ተመለሰ። አዳራ ቢሌ የሚባል አንድ የወሎ ገዥ ሲሄድ በመልካም አስተናግዶት ነበረና ያለ ሥጋት ወደ እርሱ ቤት ገባ። አዳራ ቢሌ ግን በዚህ ጊዜ ያዘው፤ ገንዘቡንና ዕቃውንም ዘረፈው። ታሪኩ የአገሬ ታሪክ ስለ ሆነ ይህን ስጽፍ አፍሬአለሁ፤ ነገር ግን እውነት ነው።

ከዚያ ወዲያ ያ ሙሽራ ባዶ እጁን ወደ ተሁለደሬ መጣ። በሐይቅና በአምባሰል በኩል ሲያልፍ የሚበላውን የሚሰጠው የመንገዱ ሰው ነበረ። ሆኖም ስለ ሐይቁና በውስጡ ስላለው ስለ እስጢፋኖስ ገዳም በማስታወሻው ሳይጽፍ አላለፈም። እኔ ወንዝ እየተሻገርሁ፣ በእግሬ አምባሰልን እየታከክሁ ስሄድ ይህን ሰው አስበዋለሁ፤ አንድ ቀን ተጉዤ ስለ ድካሜ ሳማርር እርሱ ከዚያ ወዲያ የጁን፣ አሸንጌንና ትግራይን አቋርጦ ቀይ ባሕር ድረስ መሄድ ነበረበት። በሜይ ወር መጀመሪያ ምጽዋ ደረሰ።

ሮዚናም ግብፅ መጣች፤ በዚያው ዓመት እዚያው ተጋቡ። ስለ እርሷ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ከባሏ ይልቅ እርሷን አደንቃለሁ። እርሱ በሕፃንነቱ በካርታ ያየውን አገር ፈልጎ ሄደ፤ እርሷ አይታው የማታውቀውን አገር ቤቴ ብላ ተነሣች። ባልና ሚስቱ ወደ ሸዋ ለመግባት ቢሞክሩ ንጉሡ ከለከሉ። በ1843 በምጽዋ በኩል ወደ ትግራይ ሲጓዙ ሮዚና በሳሆ ምድረ በዳ ያለ ጊዜዋ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ብዙ አልቆየችም። አባቷም ክርስትና ሲያነሣት ስም ያወጣላት በጀርመንኛ አልነበረም፤ በእኛ በአማርኛ እንባ ብሎ ሰየማት። ከዚህ በኋላ በትግራይም ተከለከሉ።

ባልና ሚስቱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ባዝል አልተመለሱም። በ1843 መጨረሻ ከኤደን በጀልባ ተነሥተው በ1844 መጀመሪያ ዛንዚባር ደረሱ፤ ከዚያ ወደ ሞምባሳ አለፉ። በዚያ ሮዚና ሁለተኛ ሴት ልጅ ወለደች። እናቲቱንም፣ አባቲቱንም፣ ቤቱን ሁሉ የወባ ንዳድ ያዘው። ሮዚና ጁላይ 13 ቀን 1844 አረፈች፤ ሕፃኗም በጥቂት ቀን ተከተለቻት። ክራፍ ራሱ ከሕመሙ ሳይነሣ ሁለቱን ከሞምባሳ ደሴት ማዶ በየብሱ ላይ ቀበራቸው። ብዙ ዓመት የተሰናዳለት ቤተሰብ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

የቀረውን ባጭሩ ልናገር። በ1846 ረብማን የሚባል ጓደኛ መጥቶለት በራባይ የሚሲዮን ጣቢያ አቆሙ። በ1849 ክራፍ የኬንያን ተራራ በረዶውን ለብሶ አየ፤ በምድር ወገብ አጠገብ በረዶ አለ ሲባል ያመኑት የአውሮፓ ሊቃውንት ጥቂት ነበሩ። የስዋሂሊ ሰዋስው በ1850 አሳተመ። በ1855 እንደ ገና ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በሽምግልናው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስን ሲያርም ኖሮ ኖቬምበር 26 ቀን 1881 በኮርንታል ሞተ። የስዋሂሊ መዝገበ ቃላቱ የወጣው በማግሥቱ ዓመት ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት ለአያቴ አነበብሁላቸው። ስለ ተራራውም ስለ መዝገበ ቃላቱም ምንም አልጠየቁኝም። የበረሓዋን ሕፃን ስም ብቻ ደግሜ እንድነግራቸው ለመኑኝ፤ ነገርኋቸውና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።