ስደተኛው የሙዚቃ አስተማሪ፦ ነርሲስ ናልባንዲያን

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን ስለ አንድ ስደተኛ ጥቂት እንላለን። እኛ ከአገራችን ወጥተን ጁባ እንደምንኖር ሁሉ፣ እርሳቸውም ከሩቅ መጥተው አዲስ አበባ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ አማራት በየሱቃችን ማታ ማታ የምንከፍተው የጥንቱ ሙዚቃ፣ ያ የትራምፔትና የሳክስፎን ድምፅ፣ የእርሳቸው እጅ አለበት።

ነርሲስ ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ1915 አይንታብ በምትባል ከተማ ከአርመን ቤተሰብ ተወለዱ። ዓመቱ በኦቶማን ግዛት አርመኖች ያለቁበትና የተሰደዱበት ነው። ቤተሰባቸውም ዐረቦች ሐለብ በሚሏት የሶርያ ከተማ ተጠለለ። አጎታቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ቀድመው ኢትዮጵያ ገብተው ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ሙት ልጆች መሪ ኬቮርክ ነበሩ። በዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም ላይ የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ የደረሱትም እኚሁ ናቸው። ነርሲስም በ1930ዎቹ መጨረሻ አጎታቸውን ተከትለው መጡ።

ከጣልያን ወረራ በኋላ የአሜሪካኖቹ ጃዝ በሸክላና በሬዲዮ አዲስ አበባ ደረሰ። የግሌን ሚለርና የዱክ ኤሊንግተን ባንዶች ትራምፔቱን፣ ትሮምቦኑን፣ ሳክስፎኑን በየቡድኑ ከፍለው እያመላለሱ ያስነፉ ነበር። ማዘጋጃ ቤትም ፖሊስም ክብር ዘበኛም የየራሳቸውን ባንድ አቋቋሙ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የእኛ ትዝታና ባቲ አምስት ድምፅ ብቻ ያላቸው፣ ዘፋኙና ማሲንቆው አንድ ዜማ ይዘው የሚሄዱባቸው ናቸው። የፈረንጁን ስምምነት እንዳለ ቢጭኑባቸው ለዛቸው ይጠፋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢነፋ ደግሞ ያን ሁሉ ሰው ማሰለፉ ለምን አስፈለገ? ነርሲስ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የየራሱን ኖታ እየጻፉ፣ ቅኝቱን ሳይነኩ ባንዱን አስፋፉት። እኛ ኖታ አናነብም፤ ጆሯችን ግን ልዩነቱን ያውቃል።

በ1955 በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው፣ ለብዙ ዓመታት ሠሩ። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተማሩ። በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ ወደ ቴአትር ቤቱ የተሻገረው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ያስጮኸው በዚያ ዘመን ነው።

የኢትዮጵያ ዜግነት ያገኙት ግን ከብዙ ዓመት ቆይታ በኋላ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ የምንሰለፍ ሁሉ ይህን እናውቀዋለን። ለአገር ዜማ እየጻፉ ወረቀት መጠበቅ ቀላል አይደለም።

በ1973 ዱክ ኤሊንግተን ራሱ አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ሽልማት ተቀበለ። በዓመቱ አብዮት ሆነ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የምሽቱም ጭፈራ ጠፋ። ነርሲስ በ1977 አረፉ።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፓሪስ ላይ ባሳተመው «ኢትዮፒክስ» የዚያ ዘመን ሥራ ዓለምን ዞረ። የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራም የነርሲስን ቅንብሮች አጥንቶ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ተጫወተ።