ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር፦ በመከራ ዘመን መንዙማን በአማርኛ የገጠሙ የወሎ ሊቅ

በወሎ ምድር፣ በባቲና በከሚሴ ዙሪያ ጭምር፣ የመውሊድ ሐድራ ያለ መንዙማ አይደምቅም። መሪው ግጥሙን ያወርዳል፤ ታዳሚው በድቤና በጭብጨባ ታጅቦ አዝማቹን ይቀበላል። መንዙማን በአማርኛ ከገጠሙ ቀደምት የወሎ ሊቃውንት መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር ናቸው።

ሸህ ጦልሃ የተወለዱት በ1840ዎቹ አጋማሽ ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ወሎ እንደ ጌታ፣ ዳናና ጀማ ንጉሥ ባሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት የታወቀች ነበረች፤ ደረሳዎችም ከሩቅ አገር እየመጡ ይቀሩባት ነበር።

ሸህ ጦልሃ ለአቅመ አዳም ከደረሱ በኋላ ግን ዘመኑ ከፋ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ፤ ይህንንም ተከትሎ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዘ። ከወሎ መኳንንት መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ሸህ ጦልሃ ግን እምነታቸውን አልለወጡም፤ ተከታዮቻቸውን አስተባብረው ተቃውሞውን መሩ።

ተጋድሏቸው በጦር ብቻ አልነበረም። ዐረብኛ የደረሳውና የዓሊሙ ቋንቋ በመሆኑ፣ ገበሬውና እረኛው የሚሰማውን ልመና በአማርኛ ገጠሙ። ጽሑፉ አጀሚ ይባላል፤ ቃሉ አማርኛ፣ ፊደሉ ዐረብኛ ነው። በግጥሞቻቸው የዘመኑን መከራ አነሡ፤ በነቢዩ አማላጅነትም ፈጣሪን ተማጸኑ። መጻፍና ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ግጥሙን በቃሉ ያዘው፤ ለልጆቹም አስተላለፈው።

ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ካረፉ በኋላ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ግዴታው ላላ። ሸህ ጦልሃም ረጅም ዕድሜ ኖረው ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ወቅት፣ በ1928 ዓ.ም. ገደማ አረፉ።

ያን ጊዜ ለመጽናኛ ያገለገለው የአማርኛ መንዙማ ዛሬ የደስታ በዓል ማድመቂያ ሆኗል። ግጥሙ በአጀሚ ጽሑፍ ሊቆይ ይችላል፤ ዜማው ግን የሚተላለፈው ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። ዜማውን የሚያውቁ አባቶች ሲያልፉ አብሮ እንዳይቀበር፣ በሕይወት ሳሉ ልጆች ከሥራቸው ቁጭ ብለው ሊማሩት፣ ድምፃቸውም ተቀርጾ ሊቀመጥ ይገባል።