ባርኔጣ ሠሪው ስቴትሰን

ጆን ስቴትሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ ከባርኔጣ ሠሪ ቤተሰብ ተወለደ። ሙያውን ከአባቱ ተማረ፤ ዳሩ ግን የሳንባ ነቀርሳ ስለ ያዘው ሳይሞት አገር ለማየት ወደ ምዕራብ አሜሪካ ሄደ። ሞቱ ቀርቶ ዳነ።

በ1865 ፊላዴልፊያ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ለከብት ነጂዎች ባርኔጣ ይሠራ ጀመር። ስሙን የሜዳው አለቃ አለው። ክፈፉ ሰፊና ዝርግ፣ አናቱ ድፍን፣ አንድም እጥፋት የሌለው ነበር። ገዢው የሚመርጠው የራሱን ልክና የጠጉሩን ጥራት ነው፤ የቢቨር ጠጉር ዝናብ ይችላልና ዋጋውም ከፍ ይላል። ቅርጹን ግን ባለቤቱ ራሱ ያወጣለታል፦ በእንፋሎት አለስልሶ አናቱን በጣቱ ይሰረጉዳል፣ ክፈፉን እንደ ወደደ ያጎብጣል ወይም ዝርግ እንደ ሆነ ይተወዋል። ስለዚህ ከአንድ ቤት የወጣ ባርኔጣ በሁለት ራስ ላይ አንድ አይመስልም። ተጎብጦ የተሸጠልንን ሳንነካው የምንደፋ እኛ በዚህ እንቀናለን።

በዚያ ዘመን ጠጉሩ የሚታሸው በሜርኩሪ ስለ ነበር በሙያው ብዙ ሠራተኞች እጃቸው እየተንቀጠቀጠ አእምሯቸውም ይታወክ ነበር። ባርኔጣውን የሚያወድሱ ይህን ይዘሉታል፤ እኛ አንዘለውም።

ስቴትሰን በፍሎሪዳ ለደላንድ ትምህርት ቤት ብዙ ገንዘብ ሰጠ፤ በ1889 በስሙ ተሰየመ። በ1906 እዚያው ከተማ ሞተ። የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ቡድኖች ዛሬም ባርኔጣ ሠሪዎች ይባላሉ።