አሳዳጁ ሳውልና ንጹሕ ኅሊናው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የቤተ ክርስቲያን ልጆች፣ በየሰው ቤት ሆናችሁ ይህን በስልካችሁ የምታነቡ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ ሐምሌ 5 ስንደርስ የሐዋርያትን ጾም ፈተን ነው። ብዙዎቻችን ዘንድሮም ለማዳም ቤተሰብ ሥጋ እየጠበስን፣ ራሳችን በዳቦና በሻይ ውለን ጾመናል። ዛሬ ስለ ቅዱስ ጳውሎስ፣ ይልቁንም ገና ሳውል ይባል ስለነበረበት ዘመን እንነጋገር። ይህን የመረጥንበትን ምክንያት ኋላ እንናገራለን፤ የሚያኮራ አይደለም።

ሳውል የተወለደው በጠርሴስ ነው። ከተማዋ ያን ጊዜ የኪልቅያ ነበረች፣ ዛሬ በቱርክ ምድር ትገኛለች። ነገዱ ብንያም፣ ወገኑ ፈሪሳዊ፣ ከልደቱ ጀምሮ የሮም ዜግነት ያለው፣ በእጁ ደግሞ ድንኳን መስፋት የሚያውቅ ሰው ነበር። በኢየሩሳሌም በገማልያል እግር ሥር ተቀምጦ ሕግን ተማረ። እኛ ሰባክያን አንዳንድ ጊዜ ይህን ሰው እንደ ሽፍታ አድርገን እንስለዋለን። መጽሐፍ ግን ሰካራም ነበር፣ ቀማኛ ነበር አይለንም። ለገንዘብ ብሎ አሳደደም አይልም። እንዲያውም ኋላ ራሱ እንደመሰከረው፣ በሕግ በሚገኘው ጽድቅ ነቀፋ ያልነበረበት፣ በእኩዮቹም ላይ በትጋት የላቀ ወጣት ነበር። የሚጾም፣ የሚጸልይ፣ ሕግ የሚጠብቅ ሰው ነው ንጹሐንን ወደ ወኅኒ ሲጎትት የነበረው። ማታም ሲተኛ ኅሊናው አይወቅሰውም ነበር።

ያመነው ነገር ይህ ነው፦ የናዝሬቱ ኢየሱስ አሳች ነው፣ ተከታዮቹም ሕጉንና መቅደሱን የሚያፈርሱ ናቸው። ሐሰት ነበር። ነገር ግን ይህ ሐሰት ለሳውል አንድ ነገር ይሰጠው ነበር። እነዚያ ሕግ አፍራሾች ከሆኑ እርሱ የእግዚአብሔር ቤት ዘበኛ ነው። የእነርሱ ጥፋት በከፋ ቁጥር የእርሱ ቁመት ይረዝማል። እንዲህ ያለውን እምነት ሰው በቀላሉ አይለቀውም፤ ቢለቀው የሚያጣው አንድ አሳብ ብቻ ሳይሆን የቆመበትን ከፍታ ነውና።

እውነቱን የሚነግረው አጥቶ ነው እንዳንል፣ የገዛ መምህሩ ነበረለት። ሐዋርያት በሸንጎ ፊት በቀረቡ ጊዜ ገማልያል ተነሥቶ ተዉአቸው ብሎ መክሮ ነበር፤ ነገሩ ከሰው ከሆነ በራሱ ይጠፋል፣ ከእግዚአብሔር ከሆነ ግን ልታጠፉት አትችሉም ሲል። ሸማግሌው ረጋ ብሎ መጠበቅን መረጠ። ደቀ መዝሙሩ ግን ሕጉን ከመምህሩ ተቀብሎ ትዕግሥቱን እዚያው ትቶለት ወጣ።

ከዚያ ሊቀ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስ መጣ። በሸንጎ የተቀመጡት ፊቱን እንደ መልአክ ፊት ሆኖ አዩት። ከከተማ አውጥተው ሲወግሩትም ምስክሮቹ ልብሳቸውን አውልቀው በአንድ ጎልማሳ እግር አጠገብ አኖሩ፤ ያ ጎልማሳ ሳውል ነበር። ድንጋይ ወረወረ የሚል አልተጻፈም። ልብስ ጠበቀ፣ በሞቱም ተስማማ። የሚሞተው ሰው ደግሞ ለሚወግሩት ምሕረት እየለመነ አንቀላፋ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እንዲህ ያለ ሞት ያየ ሰው፣ ይህ ሰው በእውነት ተሳዳቢ ነበርን ብሎ ራሱን ሊጠይቅ ይችል ነበር። ሳውል ግን ባሰበት። ከዚያ በኋላ በየቤቱ እየገባ ወንዶችንም ሴቶችንም እየጎተተ ለወኅኒ ይሰጥ ጀመር። ለምን ባሰበት? እኛ እንዲህ እናስባለን፦ ከዚያ ቀን በፊት ጥያቄው ስለ ኢየሱስ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሳውል ሆነ። እስጢፋኖስ ንጹሕ ከሆነ፣ ልብስ ጠባቂው ማን ሊባል ነው? ይህን ከመመለስ ሌላ ጥፋተኛ ፈልጎ መያዝ ይቀላል።

ኋላ በንጉሥ አግሪጳ ፊት ቆሞ ሲናገር ካልደበቃቸው ነገሮች አንዱ ይገርመናል። ምእመናኑን የስድብ ቃል እንዲናገሩ ያስገድዳቸው ነበር። ልብ በሉ፤ ተሳዳቢዎች ናቸው ብሎ ያምናል፣ እነርሱ ግን አይሳደቡም፤ ስለዚህ እያስጨነቀ ሊያሳድባቸው ይሞክራል። ለእምነቱ ማስረጃ ሲያጣ ማስረጃውን በገዛ እጁ ሊሠራ ተነሣ ማለት ነው።

(ይህን እያነበብን በአይሁድ ላይ ጣት የምንቀስር እንኖር ይሆናል። እስጢፋኖስም፣ ገማልያልም፣ ሐዋርያቱም ከዚያው ወገን ነበሩ። በሳውል ታሪክ ራሳችንን ከሌላ ሕዝብ በላይ ልናደርግበት ብንሞክር ሳውል ያደረገውን ማድረጋችን ነው።)

ከሊቀ ካህናቱ ደብዳቤ ተቀብሎ ወደ ደማስቆ ወጣ። ከኢየሩሳሌም ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በቤይሩትና በአማን ያላችሁ አካባቢውን ታውቁታላችሁ። በከተማዋ አቅራቢያ ብርሃን ከሰማይ አንጸባረቀበትና በምድር ላይ ወደቀ። በብዙ ሥዕል ከፈረስ ሲወድቅ እናየዋለን እንጂ መጽሐፍ ፈረስ አይጠቅስም። ጌታም የሚያሳድደው እርሱን ራሱን እንደሆነ ነገረው፤ መውጊያውን እንደሚራገጥ በሬ ራሱን እየጎዳ መሆኑንም ገለጠለት። በሬ የሚራገጠው ሲወጋ ነው። እንግዲህ ሳውልን አስቀድሞ የሚወጋው ነገር ነበረ ማለት ነው፤ የእስጢፋኖስ ፊት ይሆናል ብለን እንገምታለን።

ሦስት ቀን ዓይኑ ሳያይ፣ ሳይበላና ሳይጠጣ ቅን በሚባለው ጎዳና በይሁዳ ቤት ተቀመጠ። ጎዳናው ዛሬም በአሮጌዋ ደማስቆ አለ። ሳውል ከዚያ በፊት ብዙ ጾሟል፤ ከዚያ በፊት የጾመው ግን ትክክለኛ መሆኑን እያወቀ ነበር። ይህኛው ተሳስቼ ነበር የሚል ሰው ጾም ነው።

ሐናንያ ወደ እርሱ እንዲሄድ ሲታዘዝ ፈራ። ስለ ሳውል የሰማው ክፉ ወሬ ውሸት አልነበረም፤ እያንዳንዱ እውነት ነበር። ቢንቀው፣ ከበላዩ ቢሆን ማን ይፈርድበት ነበር? ሄዶ ግን እጁን ጫነበት፤ የመጀመሪያ ቃሉም ወንድም ብሎ መጥራት ሆነ። ከሳውል ዓይን ቅርፊት የመሰለ ነገር ወደቀ፤ ተጠመቀም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ወደ ዓረብ አገር መውጣቱን፣ በቅርጫት ሆኖ በደማስቆ ቅጥር መውረዱን፣ በኢየሩሳሌም ሁሉ ሲሸሹት በርናባስ እጁን ይዞ ወደ ሐዋርያት ማግባቱን፣ በአንጾኪያ፣ በቆጵሮስ፣ በመቄዶንያ፣ በአቴና፣ በቆሮንቶስ መዞሩን፣ መርከቡ ተሰብሮ ወደ መላጥያ መድረሱን፣ ቤተ ክርስቲያናችን የምትቆጥርለትን 14 መልእክታት።

አንዱን ግን ሳናነሣ አናልፍም። በኢየሩሳሌም በተያዘ ጊዜ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ጳውሎስን እስክንገድል እህል ውኃ አንቀምስም ብለው ተማማሉ። ለመግደል ጾሙ! የእኅቱ ልጅ ሰምቶ ነገረው፤ የሮም አዛዥም 200 ወታደር፣ 70 ፈረሰኛና 200 ጦር ያዥ አዝዞ በሌሊት ወደ ቂሣርያ ላከው። ጳውሎስ እነዚያን ሰዎች ከማንም በላይ ያውቃቸው ነበር፤ የቀድሞ መልኩ ናቸው። አስቀድሞም ወደ ሮም በላከው መልእክት ወገኖቹ ቅንዓታቸው እውነተኛ መሆኑን፣ የጎደላቸው እውቀት መሆኑን መስክሮላቸዋል፤ ለእነርሱ ሲል ራሱ ቢለይ እንደሚመኝ ጽፏል። ዓይኑ ሲበራ በጨለማ በቀሩት ላይ አልኮራም። ስለ ራሱም ከሐዋርያት ሁሉ የማንስ ነኝ ማለትን አልተወም፤ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍም ከኃጢአተኞች ራሱን ፊተኛ አድርጎ ቆጠረ። በመጨረሻም በንጉሥ ኔሮን ዘመን በሮም አንገቱን በሰይፍ ተቀልቶ ሰማዕትነቱን ፈጸመ።

አሁን ምክንያታችንን እንናገር። ከጉባኤያችን አንዲት እኅት ለወራት ቀረች። ቆይቶ በአሠሪዎቿ ልጅ የልደት ፎቶ ላይ ታየች፤ አንገቷ ላይ ማዕተብ የለም። ማስረጃው ይኸው ነው። በሳምንቱ ሃይማኖቷን ለወጠች ተባለ። በሁለተኛው ሳምንት የለወጠችው ለገንዘብ እንደሆነ ተጨመረበት። ከቅዳሴ ወጥተን ስናወራት እጃችን ሳናውቀው የየራሳችንን ማዕተብ ይነካ ነበር።

ኋላ በአጠገቧ ሕንፃ የምትሠራ እኅት እውነቱን ይዛ መጣች። ማዕተቧን የበጠሰችባት አሠሪዋ ናት፤ ስልኳንም የዕረፍት ቀኗንም ወስደውባታል፤ ልጅቷ ማታ ማታ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ቆማ ትጸልያለች። ይህን ስንሰማ እልል ማለት ይገባን ነበር። አላልንም። ሰበብ ነው ያለ ነበር፤ ብትፈልግ ክር አታጣም ነበር ያለችም ነበረች። እኛ አገልጋዮቹ ደግሞ ዝም አልን። አለመካዷ ሊያስደስተን ሲገባ ቅር አለን፤ ይህ ነው ያስደነገጠን።

ባለፈው እሑድ መጣች። በአንገቷ ላይ ከልብስ መስፊያ ጥቁር ክር ራሷ የገመደችው ማዕተብ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ በሩ አጠገብ ቆመች። ሁላችንም አየናት፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ አንዲት እናት፣ እንደኛው ስታወራ የነበረች፣ ከፊት ተነሥታ ሄደችና ልጄ ብላ እጇን ያዘች፤ እስከ ሥርዓተ ቅዳሴው ፍጻሜም ከጎኗ አልተለየችም።

ይህን የጻፍነው እሷው ፈቅዳልን ነው። ያወራናት ብዙዎች ነን፤ እስካሁን ይቅርታ የጠየቅናት ግን ሦስት ሰዎች ብቻ ነን። የፊታችን እሑድም ትመጣለች።

የብርሃነ ዓለም ቅዱስ ጳውሎስ በረከት አይለየን።
ወስብሐት ለእግዚአብሔር።